የምክር ዓምድ፦ መጥሪያ አድራሽ መሆን እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ ግን አልወደደችውም

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ኡበር ነድቻለሁ፤ አሁን ገቢው አልበቃ ብሎኛል። አንድ የማውቀው ልጅ የፍርድ ቤት መጥሪያ እያደረሰ ደህና ይሠራል። ‹ፈቃድ አውጣና ግባበት› አለኝ። ካፌ ያገኘሁት ሌላ ሰው ደግሞ ‹ገንዘብ ስጠኝና ኮርሱን ሳትማር ሰርተፊኬቱን አስጨርስልሃለሁ› ይላል። ባለቤቴ ‹የሰው እንባ ይዘህ ቤቴ አትግባ› ብላለች። ከዓመታት በፊት ከሰው ጋር ተጣልቼ ታስሬ ነበር፤ ክሱ ተዘግቷል። ይህ ያስቀረኛል? ፈቃዱን ካገኘሁስ በኋላ እንዳላጣው ምን ላድርግ? ደግሞስ ለማውቀው ሐበሻ መጥሪያ ቢሰጡኝ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። እኔ ዳላስ አካባቢ መጥሪያ ሳደርስ 11 ዓመት ሆኖኛል። ባለቤትህ ያለችህን እኔም ሥራውን ስጀምር ከእናቴ ሰምቼዋለሁ። ስልክ ላይ «ልጄ፣ የሰው በር እያንኳኳሽ ክፉ ወሬ ታደርሻለሽ?» ብላ ነበር ያዘነችብኝ። ስለዚህ ከባለቤትህ ልጀምር።

መጥሪያ አድራሽ ሰው አይከስም። ወረቀቱ እጅህ የሚገባው ክሱ ከተከፈተ በኋላ ነው። አንተ ብትተወው ኮንስታብል (የካውንቲው ሕግ አስከባሪ) ወይም ሌላ አድራሽ ይወስደዋል። ተከሳሹ የሚጎዳው ወረቀቱ ሳይደርሰው ሲቀር ነው። ለባለቤትህ እዚሁ ቴክሳስ የሆነ አንድ ታሪክ ንገራት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) በ1982 አንድ ሆስፒታል ፔራልታ የሚባል ሰው ላይ 5,600 ዶላር ገደማ ጠይቆ ክስ መሠረተ። የታከመው ሰውየው ራሱ አልነበረም። ለአንድ ሠራተኛው ሕክምና ዋስ ሆኗል ተብሎ ነው የተከሰሰው። ቀርቦ ስላልተከራከረ በሌለበት ተፈረደበት። ንብረቱም በጨረታ ከዋጋው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ተሸጠ።

ሰውየው መጥሪያው በአካል አልደረሰኝም አለ። መዝገቡ ላይ ደርሶታል የተባለበት ቀን ራሱ የመጥሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች ግን «ቢደርስህስ ምን መከላከያ ነበረህ?» ብለው መለሱት። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና በ1988 ያ ውሳኔ ተሻረ። ፍርድ ቤቱ ሰውየው ቢያውቅ ኖሮ መደራደር ይችል ነበር አለ። ዕዳውን ሊከፍል ይችል ነበር። ንብረቱንም ራሱ በደህና ዋጋ ሊሸጠው ይችል ነበር። ባለቤትህ የፈራችው እንባ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ወረቀት ሳይደርሰው ንብረቱ የተሸጠበት ሰው ዘንድ።

እዚህ አገር «ሱወር ሰርቪስ» የሚባል ክፉ ነገር አለ። አድራሹ መጥሪያውን እንደ ቆሻሻ ጥሎት «አድርሻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ኒው ዮርክ ከተማ በዚህ ስለተማረረች ዛሬ አድራሾቿ የሄዱበትን ቦታ በጂፒኤስ እንዲመዘግቡ ታስገድዳለች። ጨዋ አድራሽ በበዛ ቁጥር እንዲህ ያለው ግፍ ይቀንሳል። እኔ ይህን አምኜ ነው የምሠራው። እናቴም ውሎ አድሮ ገብቷታል።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንሂድ። ቴክሳስ ውስጥ ከ2005 በፊት ማን መጥሪያ ያድርስ የሚለውን ፍርድ ቤቶች በየፊናቸው ነበር የሚወስኑት። በዚያ ዓመት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመላው ቴክሳስ የሚያገለግል አንድ የምስክር ወረቀት አመጣ። ከ2014 ወዲህ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ኦስቲን ያለ ኮሚሽን ነው፤ በአጭሩ ጄቢሲሲ እንለዋለን። የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎችንም ፈቃድ የሚሰጠው ይኸው ኮሚሽን ነው። እንግሊዝኛህ ጠንካራ ከሆነ እሱንም ልብ በለው።

መንገዱ ረጅም አይደለም። 18 ዓመት የሞላህ መሆን አለብህ። ኮሚሽኑ ያጸደቀውን የ7 ሰዓት ኮርስ ትማራለህ። ማመልከቻ ትሞላለህ፣ ትከፍላለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ። የክፍያውን ልክ ከሰው አትስማ፤ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ራስህ እየው። ሁሉም ከተሟላ ፒ ኤስ ሲ በሚሉ ፊደላት የሚጀምር የራስህ ቁጥር ይሰጥሃል። ያ ቁጥር በ254ቱም ካውንቲ ይሠራል፤ የግዛቱን ድንበር ስትሻገር ግን አያገለግልም።

ሌላ ግዛት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ እና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 18 ዓመት የሞላውና በክሱ ውስጥ የሌለበት ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ማድረስ ይችላል። ካሊፎርኒያ በዓመት ከ10 በላይ መጥሪያ እየተከፈለው የሚያደርስ ሰው ካውንቲው ዘንድ መመዝገብና የ2,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ አለበት። ሲያትልና አካባቢው ያላችሁም ካውንቲያችሁ ዘንድ ትመዘገባላችሁ። የቴክሳስን ምክር ቀጥታ ወስዳችሁ እንዳትሠሩበት።

ወንድሜ፣ ካፌ ያገኘኸውን ሰው ስልክ አጥፋው። በአንተ ጣት አሻራ ሊሰጥልህ አይችልም። ኮሚሽኑም ኮርሱን መማርህን ከአስተማሪው ማረጋገጥ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ያልተማርከውን «ተምሬያለሁ» ብለህ ስትፈርም ነው። በዚህ ሥራ የሚሸጠው ፊርማህ ነው። ጠበቃው የሚከፍልህ፣ ዳኛውም የሚፈርደው ፊርማህን አምነው ነው። የመጀመሪያዋ ፊርማህ ውሸት ከሆነች ምን ቀረህ? ሰባት ሰዓት እኮ አንድ የኡበር ሽፍት አይሞላም።

ስለ እስሩ ጉዳይ። አሻራህ ሲነበብ መዝገቡ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚደበቅ ነገር የለም። እኛ «ታሰርኩ» የምንለው ነገር እዚህ አገር ሦስት ቦታ ይከፈላል። መያዝ ለብቻው ነው፣ መከሰስ ለብቻው፣ ጥፋተኛ መባልም ለብቻው። «ክሱ ተዘግቷል» የሚለውም አንድ ትርጉም ብቻ የለውም። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶት ይሆናል። ወይም ደግሞ «ዲፈርድ አጁዲኬሽን» የሚሉት ይሆናል። በእሱ ጊዜ ሰውየው በፍርድ ቤት ክትትል ቆይቶ መዝገቡ ይዘጋለታል፤ አሻራው ሲመረመር ግን ነገሩ ይታያል። የአንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ማመልከቻ አትሙላ። ጉዳይህ የታየበት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሮ ሂድና የመጨረሻውን ውሳኔ ማኅተም ያለበት ቅጂ አውጣ። ለኮርሱ ከመክፈልህ በፊት ለኮሚሽኑ ጻፍና ጠይቅ። ቅጹ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ቃል በቃል አንብብ፤ የጠየቁህን ብቻ፣ የጠየቁህን ግን ሙሉውን መልስ። አንድ እኔ ያለማመድኩት ልጅ የቆየ ነገሩን አፍሮ ዘለለው። ጥፋቱ ትንሽ ነበር። መዝለሉን ለማስረዳት ግን ወራት ፈጀበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰዎች ሥራው ወረቀት መስጠት ይመስላቸዋል። ከሰጠህ በኋላ የምትሞላው ወረቀት ነው ከባዱ። «ሪተርን» እንለዋለን። ወረቀቱ እጅህ የገባበትን ቀንና ሰዓት፣ ያደረስክበትን ቀን፣ አድራሻውን፣ ለማን እና እንዴት እንደሰጠህ ትጽፋለህ። የአንተ ቁጥርና ፈቃድህ የሚያበቃበት ቀንም መኖር አለበት። በሐሰት ብመሰክር ልጠየቅ ብለህ ትፈርማለህ። ተከሳሹ ሳይቀርብ ፍርድ የሚሰጠው ይህ ወረቀት መዝገቡ ውስጥ 10 ቀን ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ቴክሳስ በዚህ ላይ ቀልድ አታውቅም። በ1985 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ፍርድ ሻረ። ምክንያቱ ምን መሰለህ? የክስ ማመልከቻው ላይ የተቀባዩ ስም መጨረሻ «ጁኒየር» ይል ነበር፤ ሪተርኑ ላይ ግን «ጁኒየር» ቀርቷል። በአንዲት ቃል ጉዳዩ ወደ ኋላ ተመለሰ።

እስቲ ይህን ከእኛ ስሞች ጋር አስበው። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ በቲ ኤስ ወይም በኤስ ብቻ ሊጀምር፣ በዋይ ወይም በአይ ሊያልቅ ይችላል። ወንድማማቾች አንድ የአባት ስም አላቸው። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ ይኖራል፣ ሌላው ላይ የለም። አንተ ሐበሻ ስለሆንክ ትክክለኛውን ታውቃለህ፤ እጅህም ሊያርመው ይፈልጋል። አታርመው! መጥሪያው ላይ እንደተጻፈው ቃል በቃል ጻፍ። ስህተት ካየህ ለላከህ ጠበቃ ንገረው፤ እሱ በፍርድ ቤት ያስተካክለው።

የራሴን ልንገርህ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንድ አፓርታማ ሄድኩ። በሩን አንድ ወጣት ሐበሻ ከፈተልኝ። በአማርኛ የተከሳሹን ስም ጠራሁ። «አቤት?» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሪተርኑን ሞልቼ ልፈርም ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጁ «አቤት» ያለው ስሙ ስለተጠራ ነው ወይስ «ምን አሉኝ?» ለማለት? ተመልሼ አንኳኳሁ። ተከሳሹ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ሌሊት ሲሠራ አድሮ ውስጥ ተኝቷል። ቀሰቀሰልኝና ለራሱ ሰጠሁት። ያኔ ቸኩዬ ፈርሜ ብሄድ ኖሮ አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ «በአካል ደርሶታል» የሚል የሐሰት ወረቀት ፍርድ ቤት ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ ራስዎ ነዎት?» ብዬ ጠይቄ «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚለውን ሳልሰማ ወረቀት ከእጄ አይወጣም።

እያወቁ ሪተርን ላይ መዋሸት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የቴክሳስ ሕግ የመንግሥት ሰነድ እንደማበላሸት ያየዋል፤ በወንጀል ያስከስሳል።

ሰውየው «አልቀበልም» ቢልህስ? ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ማንነቱን ካረጋገጥክ ምን እንደያዝክ ንገረውና እፊቱ፣ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ አስቀምጠህ ሂድ። አትሟገት። የሆነውንም እንደሆነው ጻፍ። በሩን ጭራሽ ካልከፈተ ግን በራስህ ፈቃድ ለጥፈህ አትምጣ። አገር ቤት በር ላይ ሲለጠፍ፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ስላየን ቀላል ይመስለናል። እዚያም ቢሆን በፍርድ ቤት ፈቃድ የሚደረግ ነው። እዚህ መጀመሪያ ዳኛው ማዘዝ አለበት። ካዘዘ ቤቱ ውስጥ ላለ ከ16 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መስጠት ይቻላል። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ በሶሻል ሚዲያ መላክ እንኳ ሊፈቅድ ይችላል። ዳኛው እንዲያዝ የሚያሳምነው የአንተ ማስታወሻ ነው። ስንት ጊዜ ሄድክ? በስንት ሰዓት? መብራት በርቶ ነበር? መኪናው ቆሟል? ጎረቤት ምን አለ? በሩ ላይ ቆመህ እዚያው ጻፈው፤ ማታ ቤት ገብተህ ለማስታወስ አትሞክር።

ፈቃዱን ጠብቆ ማቆየት ከማውጣቱ በላይ ንቃት ይጠይቃል። የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ኮሚሽኑ ያጸደቀውን የ8 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት መውሰድ አለብህ። እኔ አንዴ ስምንቱንም ሰዓት ለመጨረሻው ሳምንት ተውኩት። ልጄ ታመመ፣ ኮርሱ አለፈኝ፣ ቀኑም ደረሰ። እጄ ላይ የነበረውን ወረቀት ሁሉ መልሼ ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ጊዜው ባለፈ ፈቃድ አንድም ወረቀት አታድርስ፤ የሚያበቃበት ቀን ሪተርኑ ላይ ስለሚጻፍ የተከሳሹ ጠበቃ ወዲያው ያየዋል። አሁን ትምህርቱን በመጀመሪያው ዓመት እጨርሳለሁ። አራት ወር ሲቀረው ስልኬ ያስታውሰኛል። አድራሻህን ስትቀይርም ለኮሚሽኑ አሳውቅ፤ የማደስ ማሳሰቢያው የድሮ ቤትህ ሄዶ የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ፈቃድህ ፖሊስ አያደርግህም። ፖሊስ የሚመስል ባጅ አንጠልጥለህ፣ ድምፅህን አጎልብተህ በር አትምታ። የመንግሥት ባለሥልጣን መስሎ መቅረብ እዚህ ግዛት ከባድ ወንጀል ነው። ሰው ከቤት ማስወጣት፣ ንብረት መያዝ፣ መኪና መውሰድ የሸሪፍና የኮንስታብል ሥራ ነው። ይህንንም ለባለቤትህ ንገራት፤ የማንንም ዕቃ ይዘህ አትወጣም። የተዘጋ አጥር አትዝለል። ገጠር ስትሄድ ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት ላይ ሐምራዊ ቀለም ካየህ ቁም። በቴክሳስ ሕግ «መግባት ክልክል ነው» ማለት ነው፤ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ብዙ ቤት ውስጥ ጠመንጃ አለ፤ ስለዚህ በቀን ሂድ፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለህ ቁም፣ እጅህ ይታይ።

እሑድ አትሥራ። ጥቂት አስቸኳይ ትእዛዞች ሲቀሩ በቴክሳስ ደንብ መጥሪያ እሑድ አይደርስም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝቼ ብሰጠው ብለህ እንዳታስብ። ለቅሶ ቤትን የሚከለክል ደንብ አላየሁም፤ እኔ ግን ገብቼ አላውቅም። ማክሰኞ ይደርሳል።

ገንዘቡ በወረቀት ቁጥር ነው። ብዙዎቻችን ተቀጣሪ አይደለንም፤ ግብሩንም ቤንዚኑንም ራሳችን እንችላለን። የነዳህበትን ማይል መዝግብ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ኡበሩን አትተው።

ብዙ ሐበሻ በሩ ላይ አማርኛ ሲሰማ «ምን ላድርግ እህቴ?» ይላል። አንጀት ይበላል። ግን የሕግ ምክር መስጠት አንችልም። እኔ መጥሪያው ላይ ያለችውን መስመር በጣቴ አሳያቸዋለሁ። በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ወረቀቱ ከደረሰ 20 ቀን ካለፈ በኋላ ባለው ሰኞ እስከ ጠዋቱ 10 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት፣ የጽሑፍ መልስ መግባት አለበት ትላለች። አነስተኛ ክሶችን በሚያየው ጀስቲስ ኮርት ጊዜው ያጥራል፤ 14 ቀን ነው። ቴክሳስ ሎው ሄልፕ የሚባል ነፃ የሕግ መረጃ ድረ ገጽ እንዳለም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ አልፌ አልሄድም።

የመጨረሻው ጥያቄህ ስለምታውቀው ሰው ነበር። ሕጉ የሚከለክለው የክሱ ተካፋይን እና በውጤቱ ጥቅም ያለውን ሰው ነው። አገር ቤት ከሳሹ ራሱ መጥሪያ ይዞ ይሄዳል፤ እዚህ አይቻልም። ነገሩን በዕቁብ እየው። አንድ የዕቁባችሁ አባል ዕጣ ከወሰደ በኋላ መክፈል አቁሞ ተከሰሰ እንበል። አንተም አባል ከሆንክ ገንዘብህ እዚያ ውስጥ አለ። ያንን መጥሪያ መንካት የለብህም። ሰውየው ጎረቤትህ ብቻ ከሆነ ግን ሕጉ አይከለክልህም።

እኔ ግን እመልሰዋለሁ። ለላከኝ ቢሮ ደውዬ «ይህን ሌላ ሰው ይውሰደው» እላለሁ። ብዙ አያስረዱኝም፣ እኔም አላስረዳም። ለሰውየው ደውዬም «ሊመጡብህ ነው» አልልም። ያ ከሳሹን መክዳት ነው። ቡና ላይ ስሙ ቢነሳም ዝም እላለሁ። ባሌ እስከ ዛሬ የማንን በር እንዳንኳኳሁ አያውቅም። አንተም የጣት አሻራህን ከመስጠትህ በፊት ከባለቤትህ ጋር በዚህ ተነጋገሩበት። ማታ ስትገባ «ዛሬ ማን ጋ ሄድክ?» ብላ ትጠይቅሃለች፤ አንተም አትመልስላትም።